አገርህን እወቅ፦ በየትኛው መንገድ?

በኛ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ «አገርህን እወቅ» የሚባል ክበብ ነበር። መዋጮ ይዋጣል፤ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ይኮናተራል፤ ከበሮ ይጫናል፤ እናቶች ዳቦ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይቋጥራሉ። ከዚያ ሶደሬ ወይ ላንጋኖ ወይ ደብረ ሊባኖስ ተደርሶ፣ ግማሹ ልጅ አስመልሶት፣ ግማሹ ድምፁ ተዘግቶ በጨለማ ይገባል። አገር ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ ማለፍ አልነበረም። በደርግ ዘመን ሰሜኑ ጦር ሜዳ ስለነበረ ለተማሪ ሽርሽር የሚሆን መንገድ አልነበረውም። የኛ ትውልድ ላሊበላን ያወቃት በፖስት ካርድ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ክበቡ ዛሬ የት እንደገባ እንጃ፤ ትዕዛዙ ግን አልቀረም። ቴሌቪዥን ስትከፍቱ አገራችሁን እወቁ ይላችኋል። የጥንቱ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው የቱሪዝም መፈክር በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚል ተተክቷል፤ ስሙ ያምራል። ሥዕሉማ አይጠየቅ! ተራራው በድሮን፣ ሐይቁ በድሮን፣ ፏፏቴው በድሮን ተነስቶ በማሲንቆ ታጅቦ ይቀርብላችኋል። (የሚቀርፀውን ድሮን ማለቴ ነው። ሌላኛውን ዓይነት አላነሳሁም።) ታዲያ አንድም ቀን ያ ካሜራ ዝቅ ብሎ መንገዱን ሲያሳይ አይቼ አላውቅም። ለምን ይመስላችኋል?

እኔ የምለው አገር ከሰማይ አይታወቅም ነው። አገር የሚታወቀው በመሬት ሲሄዱ ነው። ሻይ እየጠጡ፣ ጎማ እያስለጠፉ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አብረው እየበሉ ነው የሚታወቀው። ይህን የምለው በመጽሐፍ አንብቤው አይደለም፤ ሄጄበታለሁና ነው።

በመስከረም 2007 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት አልፎ ትምህርት ሳይከፈት፣ ቤተሰቤን ጭኜ ወደ ሰሜን ወጣሁ። መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ነች፤ በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄን ትበልጠዋለች። ጋቢና እናቴ፤ ከኋላ ባለቤቴና ሦስቱ ልጆች ተጠጋግተው፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ጄሪካን፣ ትርፍ ጎማ፣ ፍራሽና የእናቴ ጥላ። እናቴ ላሊበላን ሳልሳለም አልሞትም ስትል የኖረች ሰው ነች። ልጆቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጥተው የሚያውቁት እስከ ሐዋሳ ብቻ ነው። አሳቤ በደሴ በኩል ሄጄ፣ ላሊበላ ደርሼ፣ በጋይንትና በባሕር ዳር አድርጌ፣ በጎጃም በኩል አባይን ተሻግሬ መግባት ነው። ዙሩ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰፈርተኛው «በዚች መኪና?» አለኝ። አዎ፣ በዚች መኪና።

መቼም የሰሜን ሸዋን መስከረም ያላየ ሰው ቢጫ የሚባለውን ቀለም አውቀዋለሁ ማለት የለበትም። ሸኖ ላይ ቆመን ቅቤ ገዛን፤ ሙቀቱ አገር ስንገባ ፈስሶ የባለቤቴን ሻንጣ ቅባ ኑግ አስመሰለው እንጂ ጥሩ ቅቤ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ልጆቹ ጥርሳቸው ተንቀጫቀጨ። ከዚያ ጣርማ በር። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር አልፋችኋል፤ ጉሙ መንገዱን ጋርዶታል፤ ጭላዳዎች ዳር ዳሩን ሣር ይነጫሉ፤ ከፊት ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ የፈለፈለው ዋሻ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በጨለማ ትሄዱና በወዲያኛው ጫፍ ስትወጡ ዓለም ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታለች። የእርከን እርሻው፣ ገደሉ፣ ከሩቅ ደግሞ እንደ ጭስ የሚታየው የአፋር ቆላ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ስንወርድ፣ ሹራብ ወለቀ፣ ካልሲ ወለቀ፣ መስኮት ተከፈተ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታችን 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ማንጎ የሚበላበት አገር። ከብርድ ልብስ አገር ማንጎ አገር ለመድረስ ሁለት ሰዓት አልፈጀብንም። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ሌላ አገር ገባን እንዴ?» አለችኝ። ይሄው አገርሽ ነው አልኳት።

በማግስቱ እሁድ ስለነበረ ሰንበቴ ገበያ ደረስን። ሰንበቴን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከደጋው አማራው፣ ከቆላው አፋሩ፣ በመካከሉ ኦሮሞውና አርጎባው የሚገናኙበት የእሁድ ገበያ ነው። ግመል ከበቅሎ ጋር ይጋፋል፤ አሞሌ፣ በርበሬ፣ ጫት፣ ፍየል፣ የፕላስቲክ ጫማ ጎን ለጎን ይሸጣል። አንዱ ነጋዴ በአራት ቋንቋ ሲከራከር ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ትልቁ ልጄ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ነው፤ ክልልና ዞን በካርታ አጥንቷል። «እማዬ፣ ይሄ ቦታ የማን ነው?» ብሎ አያቱን ጠየቃት። እናቴ ቲማቲም እየመረጠች ነበር። ቀና ሳትል «የገበያተኛው ነዋ!» አለችው።

ይህችን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ ስንት የወሰን ኮሚሽን፣ ስንት ጥናት፣ ስንት ጉባኤ ተሰበሰበ! ከቲማቲም መራጯ ሴትዮ የተሻለ መልስ ያመጣ ካለ ያሳየኝ። ሰንበቴ አጠገብ ያለችው አጣዬ ሻይ ጠጥተን ነው ያለፍነው፤ ለልጆቹ ብስኩት ገዝተን። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ያቺ ከተማ ነደደች። ሱቁ፣ ቤቱ፣ ሆቴሉ አመድ ሆነ። የከተማዋን ስም ከዜና ሲሰሙ ልጆቼ «ሻይ የጠጣንባት?» ነው ያሉት። በመንገድ አልፎ ያየ ሰውና ያላየ ሰው ዜና የሚሰሙት በተለያየ ጆሮ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዲኤክሷ አቃሰተች። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በጉም ተጠቅልላ ጠበቀችን። ያረፍነው በአንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ነው። እናቱ ሐጂ የሄዱ ሽማግሌ ናቸው፤ የእኔ እናት ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ስለ ላሊበላ ስለቷ ትነግራቸዋለች። ቡናው ሲፈላ እሳቸው ለመንገዳችን ዱዓ አደረጉ፤ እናቴ እጇን ዘርግታ አሚን አለች። ለወሎ ሰው ይህ ወሬ አይደለም፤ በየቀኑ የሚሆን ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። አይጠየፍ! እንዲህ ያለ ስም ለአዳራሽ የሚያወጣ ሕዝብ ሌላ የ«አብሮነት» ሥልጠና በአበል የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በር ላይ ግን ጠብ ተነሳ። ሴት አይገባም። እኔና ትልቁ ልጅ አባ ኢየሱስ ሞዓ በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ተማሪ ያሰባሰቡበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበትን ቦታ ተሳልመን ስንመለስ፣ መካከለኛዋ ልጄ ሐይቁ ዳር ፊቷን አዙራ አገኘኋት። እናቴ «እኛ ከውጭ ሆነን ብንሳለምም ይደርሳል» ብላ ልታባብላት ሞከረች። አልተሳካላትም። እስከ ውጫሌ አኩርፋ ሄደች፤ ውጫሌ ላይ ስለ 1881 ዓ.ም. ውልና ስለ አንቀጽ 17 ወንድሟ ሊያስረዳ ሲሞክር «እሱንም ሴት ብታነበው ኖሮ ስህተቱ ይታይ ነበር» ብላ አፉን አስያዘችው። እቴጌ ጣይቱን ማስታወሷ ከሆነ አልተሳሳተችም።

ከወልዲያ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣው ዳገት የዚህ ጉዞ ልብ ነው ባይ ነኝ። ቻይናዎች በደርግ ጊዜ የቀደዱት መንገድ ነው። ዳገቱን ጨርሳችሁ ዋድላ ደላንታ ሜዳ ላይ ስትወጡ ነፋሱ ያፏጫል፤ ገብሱ እስከ ሰማይ ጠርዝ ይዘረጋል፤ በግራና በቀኝ ገደሉ መጨረሻ የለውም። ውበቱ ያስለቅሳል። ከዚያ መኪናው ሲቆም ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ልጆች ይከቧችኋል፤ እግራቸው ባዶ፣ ጉንጫቸው በብርድ የተሰነጣጠቀ። የሚለምኑት ብር አይደለም፤ እስክሪብቶ ነው። ትንሿ ልጄ የራሷን እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችና መኪና ውስጥ ስትገባ ዝም አለች። ከዚያ ቀን በፊት እስክሪብቶ የሚለመን ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

ይሄ ነው እንግዲህ የተቃርኖ አገር ማለት። የቱሪስት ወረቀት ላይ «የተቃርኖ ምድር» ሲባል ተራራና ቆላ፣ ብርድና ሙቀት ማለት ይመስላቸዋል። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ሕዝብ እንደ ቅጠል የረገፈው እኮ ከእነዚህ ውብ ተራሮች ሥር ነው። ፈረንጅ ካሜራውን ያነጣጠረበት ገደልና ገበሬው እህል ያጣበት ገደል አንድ ነው። ይህን ለልጆቼ በአስተማሪ አፍ ብነግራቸው አይገባቸውም ነበር። ድልብን ሲወጡ ገባቸው።

ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያኔ ጠጠር ነበር። ግማሹን ሳንጨርስ ዲኤክሷ ውሃ አፈላች። ወገኖቼ፣ አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። አምስት ደቂቃ አልቆየንም፤ ገብስ የጫነ አይሱዙ ቆመ። ሹፌሩ ሳይጠየቅ ወርዶ ቦኔቱን ከፈተ፤ ረዳቱ ጄሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ሮጠ። ከዚያ አንድ ሚኒባስ ቆመ። ከዚያ በቅሎ የያዙ አንድ ቄስ ቆሙ፤ እሳቸው ሞተር ስለማያውቁ መኪናዋን ባረኩልን። ሲጨርሱ ለሻይ ብዬ ገንዘብ ባወጣ ሹፌሩ ተቆጣኝ። «ጋሼ፣ ነገ እኔ ስቆም እርስዎ አይቆሙም?» አለኝ።

በዚያን ጊዜ የቆመ መኪና ሲታይ ይቆም ነበር። ዛሬ የቆመ መኪና ሲታይ ነዳጅ ይረገጣል። የቆመው ወጥመድ ይሁን ችግረኛ ማን ያውቃል?

ስለ ላሊበላ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መጻፍ «ለቀባሪው አረዱት» ይሆናል፤ አልገባበትም። እናቴ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆና ስታየው ተንበረከከች፤ ስለቷን አደረሰች፤ ማታ ራቷን ሳትበላ ተኛች፤ በቃ። ሌላው ያየሁት ነገር ግን ይመዝገብልኝ። ከተማው በእንግዳ የቆመ ነው። አስጎብኚው፣ ጫማ ጠባቂው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊዋ ሁሉም ከመንገዱ ነው የሚበሉት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲስፋፋ ያቺ ከተማ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈርሞ ሰዉ እፎይ ሳይል፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ሌላው ጦርነት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስከትሎ ገባ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. አበቃ፤ ተኩሱ ግን አብሮት አላበቃም። በቅሎ አከራዩ ሰውየ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ምን በልቶ እንደከረመ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ካለ ስሙን ማወቅ እፈልጋለሁ።

በመልሱ በነፋስ መውጫ፣ በጉና ግርጌ አድርገን ደብረ ታቦር ገባን። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት እዚያው አጠገብ ነው። ያ ሁሉ ብረት አስፋልት በሌለበት ዘመን እስከ መቅደላ ተጎትቷል፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ያስጠርጉ ነበር ይባላል። ስለ ቴዎድሮስ የተለያየ አስተያየት ሊኖረን ይችላል። መንገድ ለመንግሥት ምን እንደሆነ ግን ያወቁ ሰው ነበሩ።

የፎገራን ሩዝ፣ ባሕር ዳርንና ጣናን፣ የእንጅባራን ፈረሰኞች፣ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ልምላሜ በደንብ ብተርከው ጋዜጣው አይበቃኝም። ጎጃም ውስጥ ያየሁት አፈር ጣት ቢተክሉበት የሚያበቅል ይመስላል። ደጀን ላይ ቆመን ታች ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠመዘዝ መንገድ ነው፤ መውረጃውና መውጫው። ከታች አባይ ቀይ ሆኖ ይፈሳል፤ ላዩ ላይ ሁለት ድልድይ፤ አሮጌውና በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትሩ አዲሱ። ልጆቹ የሁለቱን ድልድዮች ዕድሜ ሲያነጻጽሩ እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወንዙን እጅ ነሳችው።

ገብረ ጉራቻ ላይ ለምሳ ቆምን። ሥጋ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ እናቴን ሲያዩ በኦሮምኛ ሰላም አሏት። እሷም መለሰችላቸው! ቃል ለመለዋወጥ ያህል እንዳይመስላችሁ፤ ተቀምጣ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ እየሳቀች አወራቻቸው። ልጆቼ እርስ በርስ ተያዩ። አያታቸው ልጅነቷን ሱሉልታ አካባቢ እንዳሳለፈች፣ መጀመሪያ የተናገረችው ቋንቋ የትኛው እንደሆነ እንኳ በውል እንደማታስታውስ ያወቁት ያን ቀን ነው። አሥር ዓመት አብራቸው ኖራ አንድ ቀን አልነገረቻቸውም፤ አንድ ቀንም አልጠየቋትም። ለመጠየቅ ገብረ ጉራቻ መድረስ ነበረባቸው። ሰውየው ለልጆቹ ብለው አንድ ኪሎ ጥብስ በነፃ ጨመሩልን።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ታግተው ከመቶ በላይ መንገደኛ የተወሰደው በዚያው በገብረ ጉራቻ አካባቢ ነው። ቤተሰብ ልጁን ለማስለቀቅ ገንዘብ አምጣ ተባለ። ከዚያ በፊትም ብዙ ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልቆመም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስለ መንገደኞች እገታ በተደጋጋሚ ሪፖርት አውጥቷል፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጮኸዋል። በጎጃምና በወሎ መንገዶችም በእነዚህ ዓመታት የሆነውን አንባቢ ያውቃል። ዛሬ የተከፈተው ነገ ይዘጋል፤ አንዱ ያሳልፍሃል፣ ሌላው ይመልስሃል፤ አንዱ ለምን ሄድክ ይልሃል፣ ሌላው ለምን መጣህ።

ጥፋቱን በአንድ ወገን ብቻ ልጭነው አልፈልግም። ጠመንጃ ይዞ አውቶቡስ የሚያስቆም ሰው ስሙን ምንም ይበለው፣ ዓላማው ምንም ይሁን፣ ያስቆመው የድሃ ልጅ ነው። ባለሥልጣን በዚያ መንገድ አይሄድማ! ለሕዝብ እታገላለሁ የሚል ኃይል ሕዝቡ ለቅሶ የሚሄድበትን መንገድ ሲዘጋ የትኛውን ሕዝብ እንደሆነ ይንገረን። ነገር ግን መንግሥት የሚባለው፣ ግብር የሚሰበስበው፣ ሕግ አስከባሪ ነኝ የሚለው አንድ ነው፤ ዋናው ጥያቄም ለእሱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወር ነፃነት አለው ይላል። ይህን አንቀጽ ለማስከበር ዓለም አቀፍ ስብሰባ አያስፈልግም፤ ከሱሉልታ ደጀን ሰላም ማድረግ ነው የሚያስፈልገው።

መግለጫ ሲሰጥ «አንጻራዊ ሰላም» የሚል አባባል አለ። ከምን አንጻር? ከአምናው? ከሱዳን? እኔ ሚዛኔ ቀላል ነው። አንድ አባወራ አሮጊት እናቱንና ሦስት ልጆቹን በአሮጌ ዲኤክስ ጭኖ፣ አጃቢ ሳይለምን፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ደርሶ በጎጃም መግባት ከቻለ ሰላም አለ። ካልቻለ የለም። አንጻር ምን ያደርጋል?

ለእንግዳ መቀበያውማ ገንዘብ አልጠፋም። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ መዋጮ ተሰበሰበ፤ ሎጆቹም ተሠርተዋል፤ ያምራሉ ይላሉ ያዩ ሰዎች። ሥራውን አላጣጥልም፤ ለአካባቢው ሰው እንጀራ ከሆነ እሰየው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ጎርጎራ የጣና ሰሜን ዳር ናት። የእኔ ቢጤ መኪናውን አስነስቶ እዚያ ለመድረስ በየት ይሂድ? ገበታው ተዘርግቷል፤ ወደ ገበታው የሚወስደው ደጅ ነው የተዘጋው። አዲስ አበባም እንዲሁ ነች። ኮሪደር ልማቱ መብራት፣ አበባ፣ የብስክሌት መንገድ አለው፤ ማታ ሲያልፉበት ልብ ይሰርቃል። ግን ኮሪደር የሚባለው እኮ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል የሚያደርስ ነው። የኛው ከከተማ ስንወጣ ያልቃል።

አየር መንገድ አለላችሁ የሚለኝ አይጠፋም። አዎን አለ፤ ኩራታችን ነው። ያለው ይበርራል። ሰንበቴን ግን አያይም፤ ድልብን አይወጣም፤ እስክሪብቶ የሚለምነውን ልጅ አያገኝም። ከቦሌ ተነስቶ ላሊበላ ወርዶ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ በማግስቱ ቦሌ ነው። የሌለው ደግሞ ቤቱ ይቀመጣል። በአንድ አገር ውስጥ የሚበር ዜጋና የሚቀር ዜጋ ተፈጠረ ማለት ነው።

የቀሩትን አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ ባለቤቴ ነች። በ2016 ዓ.ም. አጎቷ ፍኖተ ሰላም አካባቢ አረፉ። ያሳደጓት ሰው ናቸው። በመኪና እንዳንሄድ ዘመዶቿ ራሳቸው ደውለው «እባካችሁ እንዳትመጡ፣ ሁለተኛ ሐዘን እንዳይሆንብን» አሉን። ኔትወርኩም እየተቆራረጠ ነበር። ድንኳን አዲስ አበባ ተከልን፤ ሬሳው እዚያ፣ ለቅሶው እዚህ። ባለቤቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ከወዲያ የሚያለቅሱትን እየሰማች ታለቅስ ነበር፤ መስመሩ ሲቋረጥ እሷም ታቆማለች፤ ሲመጣ እንደገና ትጀምራለች። በኢትዮጵያ ታሪክ ስንት ክፉ ዘመን አልፏል፤ ሬሳ ሳይሸኙ መቅረት ግን ለኛ ለሐበሾች ከረሀብ ይከብዳል።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ጦርነቱ በንግግር ይብቃ የሚለውን ትልቁን ነገር ከኔ የተሻሉ ሰዎች እየጻፉት ነው። እኔ የመንገደኛ ጥያቄ ነው ያለኝ። ስንት ሰው ታገተ፣ ስንት ተለቀቀ፣ ስንት ቤተሰብ ቤቱን ሸጦ ከፈለ፣ መንግሥት ቆጥሮ ይንገረን፤ የተተከለ ችግኝ የሚቆጥር መንግሥት የታገተ ሰው መቁጠር አያቅተውም። የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ እንደ አየር ጠባይ ይነገረን። በየመንገዱ ገመድ ዘርግቶ ገንዘብ የሚሰበስበው ሁሉ ይነሳ፤ ሕገወጥ ኬላ ይነሳ ሲባል ከመንግሥት አፍ ራሱ ሰምተናል፤ እስኪ ገመዱ ሲነሳ እንይ። ታጣቂውም ቢሆን የመንገደኛ አውቶቡስ አይነካም ብሎ በአደባባይ ቃል ይግባ፤ በዘመነ መሳፍንት እንኳ ነጋዴ ቅፍለት ቀረጥ ከፍሎ ያልፍ ነበር።

እናቴ አሁን ሰማንያ አልፋለች። ሁለተኛ የምሄደው ሰንበቴን ላይ ነው ትላለች፤ ላሊበላን ሳይሆን ሰንበቴን። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ልጠይቅላት ብዬ ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩ። ቲኬት ቆራጩ ልጅ እግር ነው፤ ትሁት ነው።

«ወደ ደሴ መስመር መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ዛሬ ገብተዋል፣ ጋሼ።»

«ነገስ?»

«ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውለው ይጠይቁ» አለኝና የስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጻፈልኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች እጅ ላይም እንደዚያው ያለ ወረቀት አየሁ።